ትንሽ ገንቦ ቶሎ ይሞላል

በዚህ ወር የማወጋችሁ ስለ መኪና ባትሪ ነው። «እኔ መካኒክ አይደለሁም» ብለው ገጹን ሊገልጡ ከሆነ ትንሽ ይታገሱኝ፤ እኔም መካኒክ አይደለሁም። ጉዳዩ ከጋራዥ ይልቅ የቤት ነው፤ የእቁብ ብር፣ የእንጀራ ምጣድና የመብራት ቆጣሪ አለበት።

ታናሽ እህቴ ኮተቤ ነው የምትኖረው። ሁለት ልጆች አሏት፤ ጠዋት መገናኛ አካባቢ ትምህርት ቤት ታደርሳቸውና ካዛንቺስ ወዳለው ሥራዋ ታልፋለች። ለዓመታት በታክሲ ሰልፍ ስትንገላታ ከቆየች በኋላ ዘንድሮ እቁብ ወጣላት። ካጠራቀመችው ጋር ደምራ ሰባት ዓመት ያገለገለች ፕለግ ኢን ሃይብሪድ መኪና አገኘች። ሻጩ እዚያው ሰፈር የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ደላላው ደግሞ እንደ ደላላ ነው፤ «ባትሪዋ እንደ አዲስ ናት፣ ምንም አልተነካችም» ይላል።

እህቴ ደወለችልኝና፣ «አንቺ ቤት እንዲህ ዓይነት መኪና አለ። ባትሪው እንደ አዲስ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አለችኝ።

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ፣ በባትሪ የሚነዱ መኪኖች በከተማችን እየበዙ ነው። ባትሪ ያላቸው አሮጌ መኪኖችም ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸው አይቀርም። ኪሎ ሜትሩን፣ ጎማውን፣ ቀለሙንና ሞተሩን እንዴት እንደምናይ ከአባቶቻችን ተምረናል። ባትሪን ማየት ግን ማንም አላስተማረንም።

ምን ዓይነት መኪና ነው?

ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ሁለት ጉልበት አለው። እንደማንኛውም መኪና የቤንዚን ሞተር አለው፤ ከዚያ በተጨማሪ ከግድግዳ ሶኬት ቻርጅ የሚደረግ ባትሪና በእሱ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር አለው። ባትሪው እስኪያልቅ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ሲያልቅ ቤንዚኑ ይነሳል። መብራት በጠፋ ቀን መንገድ ላይ ስለማይቀር ለከተማችን ሁኔታ የሚስማማ ነው።

ባትሪው ግን ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ከሆነው መኪና ባትሪ ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ፕሪየስ ፕለግ ኢን 4.4 ኪሎዋት ሰዓት፣ ቀጥሎ የመጣው ፕሪየስ ፕራይም 8.8 ኪሎዋት ሰዓት ነበራቸው። ቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ ዲኤም አይ በ8.3 እና በ18.3 ኪሎዋት ሰዓት ተሠርቷል። ባትሪው ትንሽ በመሆኑ በየቀኑ ይሞላል፣ በየቀኑ ይራገፋል። ስለዚህ ሲያረጅ ባለቤቱ ቶሎ ይሰማዋል።

ማርጀት ማለት መበላሸት ማለት አይደለም። ሊቲየም ባትሪ በዕድሜው፣ በተሞላና በተራገፈ ቁጥር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሙቀት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። እንስራ የነበረው ቀስ በቀስ ገንቦ ይሆናል ማለት ነው። ውሃው ያው ውሃ ነው፤ የሚይዘው መጠን ግን ያንሳል። ጥያቄው «ቀንሷል ወይ?» ሳይሆን «ስንት ቀረው?» ነው።

ዳሽቦርዱን ለምን አላምነውም?

ለእህቴ መጀመሪያ የነገርኳት የራሳችንን ቤት ታሪክ ነው። እኛ የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ ነው። መኪናችንን በገዛን ሰሞን ከባለቤቴ ጋር የምንጨቃጨቅበት አንድ ቁጥር ነበር። ባትሪው ሞልቶ ሳለ ዳሽቦርዱ አንዳንድ ቀን «38 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይላል፤ ሌላ ቀን 27። እሱ «ባትሪው እየሞተ ነው» ይላል፤ እኔ «አነዳድህ ነው» እላለሁ።

ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ኪሎ ሜትር ልኬት ሳይሆን ግምት ነው። መኪናው በቅርቡ የተነዳበትን መንገድ ያስታውስና «እንደ ትናንቱ ከሄድክ ይህን ያህል ትደርሳለህ» ይላል። ትናንት ሽቅብ ከወጣን ቁጥሩ ያንሳል፤ ቁልቁል ከወረድን ይበዛል። ማሞቂያና ማቀዝቀዣም ያወርዱታል። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርድም ባትሪውን ለጊዜው ሰነፍ ያደርገዋል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይመለሳል። እንደ የካና እንጦጦ ባለ ወጣ ገባ አገር፣ ይህ ቁጥር ስለ ባትሪው ከሚናገረው ይልቅ ስለ ዳገቱ የሚናገረው ይበልጣል።

ስለዚህ ሻጭ «ይኸው 40 ይላል» ብሎ ቢያሳይዎ ፈገግ ይበሉ፤ ግን ቁጥሩን አይግዙት።

ቆጣሪው ይመስክር

ባትሪ ስንት እንደሚይዝ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ባዶ ሆኖ ሲሞላ ስንት እንደጠጣ መለካት ነው። መለኪያውም ቤታችን ግድግዳ ላይ አለ፤ የመብራት ቆጣሪው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከእህቴ ጋር ወደ መምህሩ ቤት ሄድን። «ጋሼ፣ ባትሪውን ለመለካት ፈልገን ነበር፤ ይፈቅዱልናል?» አልናቸው። በደስታ ፈቀዱ። ደላላው ፊቱ ትንሽ ጠቆረ።

መጀመሪያ መኪናዋን በኤሌክትሪክ ብቻ እየነዳን ባትሪው ዜሮ እስኪል ሰፈሩን ዞርን። ከዚያ ግቢ አስገብተን አቆምን። ቀጥሎ የቤቱን መብራት ማጥፋት ነበረብን፤ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የውሃ ማሞቂያው ሁሉ። አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ የመምህሩ ባለቤት ምጣድ ጥደዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ መኪናው ደግሞ ከተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት ገደማ። ሁለቱ አብረው ከሠሩ ቆጣሪው እንጀራውን ከባትሪው አይለይልንም። ስለዚህ የመጨረሻዋ እንጀራ እስክትወጣ ጠበቅን። ከዚያ በኋላ ቡናው እንኳ በከሰል ተፈላ።

የካርድ ቆጣሪው 312.4 ኪሎዋት ሰዓት ቀሪ ያሳያል፤ እህቴ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ቻርጀሩን ሰካነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ45 ላይ የመኪናዋ መብራት ጠፋ፤ ሞልታለች። ቆጣሪው 305.3 ይላል። መኪናዋ የወሰደችው 7.1 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ከግድግዳ የወጣው ሁሉ ባትሪ ውስጥ አይገባም። ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ቻርጀሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። 13 በመቶ ብለን ብንቀንስ ባትሪው ውስጥ የገባው 6.2 ገደማ ነው። ሁለተኛ፣ የዚች መኪና ባትሪ በፋብሪካ ወረቀቱ 12 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆንም መኪናው ሁሉንም አይጠቀምም። ባትሪው እንዳይጎዳ ከላይም ከታችም መጠባበቂያ ይተዋል፤ «ዜሮ» ሲል እንኳ እውነተኛ ዜሮ አይደለም። በዚች መኪና አዲስ ሳለች ለመንዳት የሚውለው 9 ያህሉ ነበር። እንግዲህ 6.2ን ለ9 ብናካፍል 69 በመቶ ይመጣል።

«እንደ አዲስ» የተባለችው ባትሪ ከአሥሩ እጅ ሰባቱን ብቻ ይዛ ተገኘች።

«ስንት ሰዓት ፈጀ?» ብቻ ብለው አይለኩ። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ቮልቴጁ ስለሚወርድ ያው ባትሪ ለመሙላት ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ የማያውቅ ሰው «ብዙ ይይዛል» ብሎ ይሳሳታል። ሰዓቱ ቢለዋወጥም የኪሎዋት ሰዓቱ ድምር አይለዋወጥም። ቆጣሪዎ ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ ሶኬት ላይ የሚሰካ አነስተኛ መለኪያ መጠቀም ይችላሉ፤ 10 አምፔር ለሰዓታት የሚችል መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ግን በፍጹም አይሞክሩ። ሶኬቱ በእጅ ሲነካ ካቃጠለ ወዲያውኑ ይንቀሉና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ፤ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።

እሑድ ጠዋት፣ እንጦጦ

መምህሩ ቁጥሩን ሲሰሙ አዘኑ፤ አላመኑምም። «የእኔ መኪና? እንጦጦ ይዣችሁ ልውጣና እዩዋት!» አሉ። እናታችን ደግሞ እንጦጦ ማርያምን መሳለም ስለፈለገች እሑድ ጠዋት አምስታችን ተሳፈርን።

ከኮተቤ በመገናኛ፣ በየካ ሚካኤል፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ አድርገን ወደ ቀበና፣ ከዚያ አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ። ከሽሮ ሜዳ በላይ መንገዱ ወደ ባሕር ዛፉ ሽቅብ ነው። ከመገናኛ አካባቢ ተነስቶ እንጦጦ ማርያም እስኪደረስ የከፍታው ልዩነት ከ500 ሜትር ይበልጣል። ሰው ጭኖ 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና እያንዳንዱን 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 500 ሜትሩ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ የጎማው፣ የነፋሱና የትራፊኩ ገና አልተጨመረም። በዚያ ዳገት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው እንጦጦ ምን ያህል ክብደት እንደሚያውቅ አይጠፋውም። ለባትሪም ሚዛን ነው።

በዝግታ፣ ፔዳሉን ሳንረግጥ ወጣን። ይህ አስፈላጊ ነው። ብዙ ፕለግ ኢን መኪኖች ነጂው በኃይል ሲረግጥ ባትሪ እያላቸውም ሞተር ያስነሳሉ፤ ስለዚህ ሞተር ተነሳ ማለት ባትሪ አለቀ ማለት አይደለም። መታየት ያለበት የባትሪው መቶኛ ነው። የእኛ መቶኛ ከሽሮ ሜዳ በላይ በፍጥነት ወረደ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ከመድረሳችን ትንሽ ቀደም ብሎ ዜሮ ሆነና ሞተሩ ጮኸ። አዲስ ሳለች ቢሆን ኖሮ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተርፏት ትደርስ ነበር።

ደግሞ እዚያ ከፍታ ላይ ሞተሩ ብቻውን ሲቀር ያስታውቃል። ሞተር አየር ይተነፍሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ ላይ ከሩብ በላይ ጉልበቱ የለም ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ ግን አየር ስለማይፈልግ አያለከልክም። በቆላ የሚኖር ሰው የባትሪውን መድከም ላያስተውል ይችላል፤ የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ ግን ያስተውላል።

ገንቦውና እንስራው

ተሳልመን ስንመለስ መምህሩ ዳሽቦርዱን በጣታቸው ነኩ። «አሁን ተመልከቱ! ቁልቁል ስትወርድ ራሷን ትሞላለች። ከዜሮ ተነስታ ስንት እንደምትሆን እዩ።» እውነታቸውን ነው። መኪናው ሲወርድ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ፍሬን ሆኖ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ 21 በመቶ ይላል። «ባለፈው ዓመት እንኳ 18 ነበር፤ እየተሻላት ነው!» አሉ በኩራት።

እህቴ አየችኝ። እኔም የዚህን ወር ጽሑፍ ርዕስ ያገኘሁት እዚያ ነው።

ከአንድ ምንጭ እንስራና ገንቦ ብንቀዳ ቶሎ የሚሞላው የትኛው ነው? ገንቦው። ቶሎ የሞላው ግን ምንጩ ስለበረታ ሳይሆን ዕቃው ስላነሰ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁለት የሚመለሰው ጉልበት በየዓመቱ ያው ነው፤ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው እንበል። ይህ መጠን 9 ለሚይዝ ባትሪ 14 በመቶ ነው። 6.2 ለሚይዝ ባትሪ 21 በመቶ ይሆናል። ቁጥሩ ያደገው ባትሪው ስለቀነሰ ነው።

ይህን ነገር ይያዙልኝ፤ አሮጌ ባትሪ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ቶሎ የሚሞላ ባትሪ ያስደስታል፤ «በሦስት ሰዓት ተኩል ትሞላለች» ሲባል ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ዓይነት ሶኬት፣ ቶሎ የሚሞላና ቶሎ የሚያልቅ ባትሪ የደከመ ባትሪ ነው። ሻጩም ሳያውቀው፣ ያለ ምንም ክፋት፣ የመኪናውን ድካም እንደ ብርታት ሊያሳይዎ ይችላል።

ይህን ለመምህሩ በለሰለሰ ቃል ነገርናቸው። ዝም አሉ። ቆይተው፣ «እኔም ስገዛት እንደ አዲስ ናት ብለውኝ ነበር» አሉ። የጡረታ ብራቸው ነበር የገባባት። መኪናው ውስጥ የነበርነው ሁሉ ለትንሽ ጊዜ አልተናገርንም። እናቴ ብቻ፣ «ሰውም እኮ ዳገቱን እንደ ድሮው አይወጣም» አለች።

መኪናውን ራሱን መጠየቅ

ሰኞ ዕለት መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ የማውቀው መካኒክ ጋ ሄድን። ከመሪው ሥር ባለው የመመርመሪያ ሶኬት ላይ ኦቢዲ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ሰክቶ በብሉቱዝ ከስልኩ ጋር አገናኘ። ለፕሪየስ፣ ለአውትላንደርና ለሌሎችም የተለያዩ የስልክ መተግበሪያዎች ስላሉ ለመኪናዎ የሚስማማውን ይጠይቁ። መተግበሪያው የባትሪ ጤንነት 71 በመቶ ብሎ አሳየን። ከእኛ 69 ጋር በሁለት ብቻ ይለያል፤ ቆጣሪውና መኪናው ተስማሙ ማለት ነው።

ሁለቱ ካልተስማሙ ግን ቆም ብለው ያስቡ። የመኪናው ቁጥርም በኮምፒውተሩ የተሠላ ግምት ነው። በአንዳንድ መኪኖች ሥርዓቱ እንደገና ሲጀመር ቁጥሩ ለጊዜው አዲስ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ስልኩ 95 ብሎ ቆጣሪው 65 ካለ፣ እኔ ቆጣሪውን አምናለሁ።

መካኒኩ ሌላም ነገር አሳየን። የመኪና ባትሪ አንድ ዕቃ አይደለም፤ በተርታ የተያያዙ ብዙ ሴሎች ነው። ሽቅብ በእግሩ የሚወጣን ቤተሰብ ያስቡ። ወጣቶቹ ቢሮጡም አያት ደክመው ሲቀመጡ ሁሉም ይቆማል። ባትሪም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሴል ሲያልቅበት ሌሎቹ ቢኖራቸውም መኪናው «አለቀ» ይላል። ስለዚህ የሴሎቹ ቮልቴጅ ምን ያህል ተቀራራቢ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። በዚች መኪና ትልቁና ትንሹ የሚለያዩት በ0.03 ቮልት ብቻ ነበር። ሁሉም እኩል አርጅተዋል፤ ለብቻው የታመመ የለም። ልዩነቱ ሰፊ ቢሆን ኖሮ፣ በተለይ ዳገት ላይ አንዱ ሴል ከሌሎቹ ተነጥሎ ቢወድቅ፣ «ተዪው» እላት ነበር። እኩል መድከም እርጅና ነው፤ የአንዱ ብቻ መውደቅ ግን ብልሽት ነው።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ሁሉ ባትሪውን ሳይከፍቱ የሚደረግ ነው። በብርቱካናማ ሽፋን የተጠቀለሉ ወፍራም ሽቦዎችን አይንኩ፤ ውስጣቸው ያለው ቮልቴጅ ገዳይ ነው። ክዳኑን የሚከፍት ሰው በዚህ ሥራ የሠለጠነ መሆን አለበት።

ስንት ይበቃዎታል?

እንግዲህ 69 በመቶ ጥሩ ነው መጥፎ? በብዙ አገር አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ሲሰጡ፣ ብዙዎቹ የሚያሰምሩት መስመር 70 በመቶ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ እንደ ደከመ ይቆጠራል። ያ ዋስትና ግን በግለሰብ ተገዝቶ ወደ እኛ የመጣ መኪናን ብዙ ጊዜ አይከተልም። እዚህ ዋስትናችን ማስታወሻ ደብተራችን ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን አዞርነው፤ «ባትሪው ስንት ቀረው?» ከማለት «ለእኔ ኑሮ ስንት ያስፈልገኛል?» አልን። የእህቴ የቀን ደርሶ መልስ 22 ኪሎ ሜትር ነው። በሰፈሯ ዳገትና ትራፊክ መኪናዋ በኪሎ ሜትር 0.21 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች ብንል፣ 6.2 ኪሎዋት ሰዓት ወደ 29 ኪሎ ሜትር ያስኬዳታል። ዛሬ ይበቃታል። እርጅናው በዚሁ ፍጥነት ከቀጠለ ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ 22 ኪሎ ሜትሩን ለጥቂት ትሸፍናለች፤ ከዚያ ወዲያ የመጨረሻው ዳገት በቤንዚን ነው። እንጦጦን ደግሞ ከአሁኑ በባትሪ ብቻ አትወጣም።

እህቴ ይህን ይዛ መምህሩ ጋ ተመለሰች። «ጋሼ፣ መኪናዋን እፈልጋታለሁ፤ ግን በአዲስ ባትሪ ዋጋ አይደለም» አለቻቸው። ደላላው ተቆጣ። መምህሩ የልኬት ወረቀቱን ደጋግመው አነበቡና፣ እንደ አስተማሪ ስሌቱን በራሳቸው እጅ እንደገና ሠሩት። ከዚያ ዋጋውን ቀነሱ፤ እህቴ የጠየቀችውን ያህል አይደለም፣ ግን ቀነሱ። ውልና ማስረጃ ከመሄዳቸው በፊት የባትሪው ልኬትና ቀኑ በውሉ ላይ እንዲሰፍር የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። «ነገ ልጄ አልነገሩኝም እንዳትለኝ» አሉ።

እርስዎም በቤትዎ

እንዲህ ዓይነት መኪና ካለዎት በዓመት ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ። በአንድ ቆጣሪ፣ በአንድ ሶኬት፣ ከዜሮ እስከ ሙሉ። ቁጥሩን ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር ይጻፉ። አንድ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ አራት ልኬት በተርታ ሲታይ ግን የባትሪውን ታሪክ ይነግርዎታል። በየዓመቱ ሁለት ሦስት በመቶ ቢቀንስ አይደንግጡ። በስድስት ወር አሥር ከወረደ መካኒክ ያማክሩ።

ባትሪው እንዳይቸኩልም ጥቂት ልማዶች ይረዳሉ። ሞልቶ ለቀናት ከማቆም ይልቅ ሊነሱ ሲሉ እንዲሞላ ያድርጉ። ባዶውን ለወራት አያስቀምጡት። በበጋ ፀሐይ ጥላ ይፈልጉለት፤ የአዲስ አበባ አየር ለባትሪ ደግ ነው፣ የቆላው ግን አይደለም። ባትሪው የብረት ፎስፌት ዓይነት ከሆነ፣ አልፎ አልፎ ሙሉ በሙሉ መሙላት መቶኛው እንዳይሳሳት ይረዳል። እንደ እኛ ዳገት ላይ የሚኖሩ ደግሞ ቁልቁል ከመውረድዎ በፊት ሙሉ በሙሉ አይሙሉት። የሞላ ገንቦ ተጨማሪ አይቀበልም፤ ቁልቁለቱ ላይ ተራው ፍሬን ይበልጥ ይሠራል፣ ይግላልም።

እህቴ አሁን ጠዋት ጠዋት ልጆቿን በዝምታ መኪና ታደርሳለች። ቆጣሪው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ደብተር በገመድ ተንጠልጥሏል፤ የመጀመሪያው መስመር «7.1» ይላል። እናታችን ደግሞ ለሚቀጥለው የእንጦጦ ጉዞ ቀጠሮ ይዛለች። ከሽሮ ሜዳ በላይ ሞተሩ ይጮሃል፤ ይጩህ። ስንቱን እንደምትችል አውቀን ነው የገዛናት።

እስከሚቀጥለው ወር ቸር ይግጠመን።